አንድ ዘርፍ የጎደለው መጎናጸፊያ

ለከተማው ሕዝብ፣ ለሹማምንቱ፣ ለአስተማሪውና ለተማሪው፣ ቁልፉ ተበጥሶ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ለሚሄደውም ጭምር፣ ይህ ይታወቅ! ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለው ላውንደሪ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ባለ ሦስት እግር ወንበር ላይ (አራተኛው እግር ጡብ ነው) ሠላሳ አንድ ዓመት በክብር የተቀመጠችው፣ የቁልፍ እመቤት፣ የዚፕ አዛዥ፣ የቀዳዳ ኪስ ሁሉ ባላደራ የሆነችው እትዬ መርፌ በሕይወቷ አንድ ትልቅ ቃል ገብታ ነበር። አልፈጸመችውም። ስለዚህ ሐውልት አይቆምላትም። ሐውልት የቆመላቸውም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ ስለ ሠሩ አይደለም።

መርፌ የተባለችው ከኮሌታዋ ላይ መርፌ ስለማይለያት ነው። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ራጅ ስትነሣ ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ ላብ በላብ ሆኗል ይባላል። «እናቴ፣ ደረትዎ ውስጥ መርፌ አለ!» ሲላት፣ «ውስጥ አይደለም፣ ላይ ነው፤ ደግሞ የኮትህ ገበር ተተርትሯል፣ አምጣው» አለችው።

አንድ ሕግ ነበራት። ከእጇ በወጣ ልብስ ላይ ክር አይንጠለጠልም። ልብሱ ገና ጠረጴዛዋ ላይ ሲያርፍ፣ የተቀደደበትን እንኳ ሳታይ፣ ዳር ዳሩን ዳብሳ የተንዠረገገውን ክር ሁሉ በመቀስ ትለቅመዋለች። ሰው ሲያናግራት የምታየው ፊቱን ሳይሆን የእጅጌውን ጫፍ ነው። ቀብር ላይ የሟችን ልጅ አቅፋ ስታለቅስ ከኮቱ ትከሻ ላይ ክር በጥርሷ በጥሳለች፤ ታናሽ እህቷ በዓይኗ አይታለች፣ እስከ ዛሬም ታወራዋለች።

ይህች ታናሽ እህት በሰፈሩ የጸሎት ጉባኤ አዳራሽ ወንበር ደርዳሪ ናት። ደርድራ ስትጨርስ የፊተኛው ወንበር ላይ ራሷ ትቀመጣለች፤ ደብተር ትይዛለች፤ የጉባኤው መምህር ሲያስነጥስም ትጽፋለች። መምህሩ ደግሞ በዚያ ዓመት አዲስ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር። በየረቡዑ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ፣ «የአይሁድ ንዋያተ ቅድሳት ትርጉም ለክርስቲያን» የሚባል ትምህርት ነው። ዕቃውን በፖስታ ከሩቅ አገር ያስመጣል። መቅረዝ መጣ፤ ሰባት ቅርንጫፍ አለውና ሰባት ነገር ሆኖ ተተረጎመ። ጽዋ መጣ፤ አንድ ነውና አንድ ነገር ሆነ። በበር መቃን ላይ የሚቸነከር የብራና ማኅደር መጣ፤ መምህሩ በስተግራ ቸንክሮት ስለ ቀኝ ሰበከ። ቀንደ መለከትም መጣ። መምህሩ ጉንጩን ነፍቶ ሲነፋው የሆድ ቁርጠት የያዘው በሬ የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ ምእመናኑም አለቀሱ። ከእጁ የሚያመልጥ ዕቃ የለም፤ ዕቃ ሆኖ ዝም ብሎ ዕቃ መሆን በእሱ ዘንድ አልተፈቀደም።

ከአዳራሹ አምስት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እነዚህን ዕቃዎች በልጅነቱ የያዘ፣ የጸለየባቸው፣ በእነሱም ምክንያት የተቀጣ አንድ ሽማግሌ ይኖር ነበር። አምስት ደቂቃ የሄደ ሰው የለም። ፖስታ ይቀላል።

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሰማንያ አራት ዓመቱ፤ የሰፈሩ የመጨረሻ አይሁዳዊ። ቤተ ጸሎታቸው አሁን የጎማ መጋዘን ነው። የሽማግሌው በር ከእትዬ መርፌ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሃያ ዓመት ጎረቤቷ ነበር። ጠዋት ዳቦ ታደርስለታለች፤ ቆሻሻውን ይዛ ትወርዳለች። እሱም የግድግዳ ሰዓቷ በቆመ ቁጥር ያስነሣላታል። ከዚያ ያለፈ አልተጠያየቁም። ጨዋ ጎረቤት የሚባለው እንዲህ ነው፤ በበር በኩል የሌላውን ሳል እየሰማ ስሙን የማይጠይቅ።

አንድ ብርዳም ጠዋት ዳቦውን ስታቀብለው፣ «ግቢ እስቲ» አላትና ቀለሙ የለቀቀ የከፋይ ከረጢት ሰጣት።

«ብል በልቶብኛል። ቀዳዳውን ድፈኚልኝ።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«የጸሎት መጎናጸፊያ። የአባቴ ነው።»

«ኧረ ምን ገዶኝ! በሦስት ቀን አደርሰዋለሁ።»

ላውንደሪው ውስጥ አውጥታ ዘረጋችው። ሱፍ ነው፤ ነጭ የነበረ፣ አሁን የወተት ሰልባቦት የመሰለ፤ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁር ሰንበር አለው። ብሉ የበላው ከትከሻው ላይ ነው። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ አለ። እሱን አይታ አልጠየቀችም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንደሪ የሠራች ሴት እድፍ አይነገራትም። ደም ነው። በሙቅ ውሃ የታጠበ ደም። ደም ሙቅ ውሃ ካገኘው ክሩ ውስጥ ይበስልና ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስለቅቀው የለም። «ምን ዓይነቷ ናት ያጠበችው!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

እጇ ግን በልማዱ ዳር ዳሩን እየዳበሰ ነበር። ጥጉ ላይ ደረሰ። ስምንት ረጃጅም ክሮች ተንጠልጥለዋል፣ ከላይ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆነዋል። አንዱ ሞኝ እንዳይተረተር ብሎ ቋጥሮታል አለች በሆዷ፤ መቀሱን አነሣች፤ ከሥሩ፣ ጥርት አድርጋ፣ ቀጭ!

«እታለም!»

ታናሽ እህቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ደብተሯ ከብብቷ ሾልኮ ወደቀ።

«ምን አደረግሽ! ምን አደረግሽ እቴ!»

«ምን አደረግሁ? ክር ቆረጥሁ።»

«ክር አይደለም! ዘርፍ ነው! ባለፈው ረቡዕ መምህሩ በሥዕል አሳይቶናል። ያቺ ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት ነክታ የዳነችው እኮ ይህን ነው! ጌታ ራሱ በልብሱ ጥግ አድርጎት የሚዞረው!»

«ሂጂ ወዲያ!»

«ደብተሬ ይመስክር! አራት ጥግ፣ አራት ዘርፍ፣ አምስት አምስት ቋጠሮ!»

እትዬ መርፌ ቁጭ አለች፤ ጡቡም ወንበሩም ተንገጫገጩ። ነገሩ እንዲህ ነው። በሠላሳ ዓመቷ የመጨረሻው ፅንስ ሳይቆይላት ወጥቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ፈስሷታል። በሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ ተኝታ፣ በአልጋዎቹ መካከል የተጋረደውን መጋረጃ ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ያቺን ሴት እያሰበች ትጸልይ ነበር። ዳነች። ከዚያ ወዲህ የዚያ ልብስ ጫፍ ከሐሳቧ ወጥቶ አያውቅም። ግን የምታስበው እንደምታውቀው ነበር፤ በመኪና የተሰፋ፣ በካውያ የተተኮሰ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቅምቅማት። ሠላሳ ዓመት በሐሳቧ ስትዳብሰው የኖረችውን ነገር አንድ ቀን በእጇ አገኘችው፤ በመቀስም ቆረጠችው።

ማምሻውን የተቆረጠውን በመዳፏ፣ መጎናጸፊያውን በክንዷ ይዛ የሽማግሌውን በር አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይርገሙኝ።»

«ገና ሳልሰማ?»

መዳፏን ዘረጋች። ሽማግሌው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አጎነበሰ፤ እንደ ተሰበረ የሰዓት ጥርስ አገላብጦ አየው።

«አንዱን ጥግ ብቻ?»

«አንዱን ብቻ። እህቴ ጮኸችብኝ እንጂ አራቱንም ለቅሜልዎት ነበር።»

መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሏት ውሃ ልታመጣ ስትነሣ፣ ለካ እየሳቀ ነው። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ ሳቅ።

«ስሚ፣ መርፌ። ከእኛ ሰው ሲሞት በመጎናጸፊያው ይጠቀለላል፤ ሲጠቀለል አንዱ ዘርፍ ይቆረጣል። ያንቺ መቀስ ትንሽ ቸኮለ፤ እሱ ነው ጥፋቱ።»

«ለምንድን ነው የሚቆረጠው?»

«ዘርፉ ማስታወሻ ነው። ስታዪው ማድረግ ያለብሽን ታስታውሻለሽ። እንዳይረሳ ጣቱ ላይ ክር የሚያስር ሰው አይተሽ የለ? እንደዚያ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሞተ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ሥራ የለበትም።» ቀና ብሎ አያት። «ያ መምህራችሁ ምን ይላል?»

«አምስቱ ቋጠሮ አምስቱ ቁስል ነው ይላል።»

«የማን?»

«የጌታ።»

ሽማግሌው መጎናጸፊያውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መዳፉን እድፉ ላይ አሳረፈ። ልክ መዳፉን ያህላል።

«አባቴ አንድ ቁስል ብቻ ነው የነበረው። አንዱም በቃው። ገዳዮቹ ከጸሎት ያወጡት ከነመጎናጸፊያው ነው። እነሱም የመጡት ከጸሎት ነበር፣ ከእናንተው ጸሎት፤ የዕለቱ ስብከት አሙቋቸው ነበር። ከሩቅ የመጣ ሰው እንዳይመስልሽ። አንዱ ዳቦ ጋጋሪያችን ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጠዋት ዳቦ የገዛሁት ከእሱ ነው። እናቴ ማታ ይህን አጠበችው። ንጹሕ ሴት ነበረች። ውሃ አፈላች።»

«ቀዝቃዛ ነበር የሚያስፈልገው» አለች እትዬ መርፌ፤ ምላሷ ቀድሟት።

«አዎ። ቀዝቃዛ ውሃና ሌላ ጎረቤት።»

ከዚያ ነው ቃሉ የመጣው። ሽማግሌው ዘመድ ቢባል ባሕር ማዶ ያለ አንድ የእህቱ ልጅ ብቻ ነው ያለው። ሲሞት ገላውን የሚያጥበው ወገን የለም፤ ጸሎቱን ለማድረስ የሚያስፈልጉት አሥር ወንዶችም የሉም። ማዘጋጃ ቤቱ መጥቶ ያነሣዋል። «በዚህ ጠቅልለው ይቅበሩኝ። አንቺ ስጫቸው። ሌላ የምጠይቅሽ የለም።»

«በጌታ ስም እምላለሁ!»

«በጌታሽ ስም ብዙ ተምሎብኛል። በመርፌሽ ማይልኝ።»

መርፌዋን ከኮሌታዋ ነቅላ ማለች። የተቆረጠውን ዘርፍ ልትመልስለት ስትል እጇን አጠፈው። «ያዢው፤ እንዳትረሺ።» የመርፌ ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ቀዳዳውን ሦስት ቀን ያለችው ስምንት ቀን ፈጀባት። ክሩን ከራሱ ከመጎናጸፊያው የውስጥ እጥፋት እየመዘዘች፣ ድርና ማግ አድርጋ እየሸመነች ደፈነችው፤ ሲያልቅ የት ጋ እንደነበር ራሷም ጠፋባት። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም። በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዳቦ ይዛ ስትገባ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ነበር፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ከፊቱ የተከፈተ ሰዓት። ሰዓቱ ይሠራል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ወስደውት ቀብሩ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው አሏት። የእህቱ ልጅ በስልክ፣ «የሚሆነውን አድርጉ» አለ፤ ከኋላው ቴሌቪዥን ይሰማል።

ረቡዕ ቀትር ላይ መምህሩ ላውንደሪው ደጃፍ ላይ ቆመ። ኋላው ታናሽ እህቷ አለች፤ ዓይኗን መሬት ተክላለች፤ ያሳበቀ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ! እግዚአብሔር በእጅዎ ምን እንዳኖረ ያውቃሉ?»

«የሰው ዕቃ ነው ያኖረው።»

«የሟቹን ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር። ግን እስቲ ያስቡት፤ እኛ በሥዕል እያየን የምናለቅስበትን ዘርፍ ነገ ጭቃ ውስጥ ሊከቱት ነው? ስንት በሽተኛ አለ! ስንት የዘርፉን ጥላ የናፈቀ አለ!»

«ቃል አለብኝ፣ መምህር። በመርፌዬ ምያለሁ።»

«ማን አፍርሱ አለዎት? ለዛሬ ትምህርት ብቻ። ማታ ራሴ እመልሰዋለሁ፤ ነገ በክብር ይሸኙታል። ደግሞ እርስዎን መድረክ ላይ እጠራዎታለሁ። ‹የጌታን ልብስ አምሳያ የጠገነች እናት› ብዬ።»

ሰጠችው። ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ክፉ ብትሆንማ ደረሰኝ ትቀበል ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ መስኮት ሥር «ተነሺና ሰው ይይሽ» ያላት አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ነው። የመርፌ ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማስታወሻው ውስጡ ነበር። ክዳኑ ተዘግቶ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መምህሩ መጎናጸፊያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ ገልብጦ ስለ ለበሰው እድፉ ከፊት መጣ። አራት ጥግ ብሎ ጀመረ፣ አራቱ የዓለም ማዕዘን ብሎ ቀጠለ፣ ሦስቱን አሳይቶ አራተኛው ጋ ሲደርስ አደናቀፈው፤ ከሥሩ የተቆረጠ ነው። አንድ ትንፋሽ ሳበ። አንድ ትንፋሽ ለእሱ በቂ ነው።

«አራተኛው የት አለ? አራተኛውን የወሰደችው በእምነት የነካችው ናት! የእናንተ ድርሻ ነው ወገኖቼ፣ ክፍት የተተወላችሁ!»

ጩኸት። ከዚያ እድፉን በጣቱ እየዞረ፣ «ይህ ደግሞ ከበዓል ጽዋ የፈሰሰ ወይን ነው። እናቴ፣ ወደዚህ ይምጡ። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ይመስክሩ!» ብሎ ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ደገነው።

ስንት ፊት! ፊት ማየት አልለመደችም፤ ዓይኗ እጅጌ ፍለጋ ተንከራተተ። ደም ነው የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ዳቦ ጋጋሪውም መጥቶ ነበር፣ እናትየውም ውሃ አፍልታ ቆማለች።

«አይለቅም» አለች።

«አሜን!» ብሎ መምህሩ ጮኸ፤ «የጸጋ ምልክት አይለቅም!» ሕዝቡ አጨበጨበ። ታናሽ እህቷ ጻፈችው።

ከዚያ ሰልፉ መጣ። ሽባው፣ ሳለኛው፣ ወገቧን የያዛት፣ ባሏ የከዳት፣ ሁሉም ክሩን በሁለት ጣቱ እየነካ አለፈ። ሲጨርሱ እትዬ መርፌ ወደ መምህሩ ተጠጋች፤ እንግዶች ከበውታል። «ነገ በማለዳ፣ እናቴ፣ በማለዳ!» አላት በሰው ትከሻ ላይ፤ እሷም በማለዳ አለች፤ በማለዳ እሺ።

ሐሙስ በአንድ ሰዓት አዳራሹ ዝግ ነው። ዘበኛው ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል።

«ቁልፉ መምህሩ ጋ ነው እማማ።»

«መምህሩስ?»

«እንግዶቹን ሊሸኝ ከከተማ ወጥቷል።»

«በመስኮት አስገባኝ ልጄ፣ የሞተ ሰው ልብስ ነው!»

«የሞተ ሰው ምን ቸገረው? እኔ ነኝ እንጀራዬን የማጣው።»

እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ከዚያ ላውንደሪ ገብታ ቆርቆሮዋን አነሣችና አውቶቡስ ያዘች።

ጉድጓዱ ከመቃብሩ ቦታ ዳር፣ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት አጠገብ ነው። አራት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችና እሷ። ሽማግሌው በነጭ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ከረጢቱ ባለ ዚፕ።

«ክፈቱልኝ» አለች።

«አይከፈትም እማማ፤ ዚፑ ነክሷል። ትናንትም አስቸግሮናል።»

የዚፕ አዛዧ ተንበረከከች። ከቆርቆሮዋ ሻማ አውጥታ የዚፑን ጥርስ ቀባች፤ ወደ ኋላ አንዴ፣ ወደ ፊት ሁለቴ፤ ዚፑ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ራቁቱን ነበር። ስምንቱን ክር ጣቱ ላይ ጠመጠመች፤ ከጎኑ ያለውን ጣት ደርባ አሰረችው እንዳይወድቅ። ሌላ የምታለብሰው አልነበራትም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንዱ ቆፋሪ።

«ክር ነው።»

ዚፑን ዘጋች። ጸሎቱን አታውቀውም፤ የራሷን ጸሎት ልትጀምር አፏን ከፈተችና የዳቦ ጋጋሪውም ጸሎት እንደነበር ትዝ አላት፤ አፏን ገጠመች። አፈሩ ፕላስቲክ ላይ ሲወድቅ ዝናብ ይመስላል።

ዓርብ ዕለት መምህሩን አገኘችው። «እውነትዎን ነው እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለና እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ «እንግዲህ ግን ከተቀበረ በኋላ ለማን እንመልሰው?» እውነትም ለማን?

መጎናጸፊያው አሁን በአዳራሹ መግቢያ፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከበላዩ መብራት አለው። ከሥሩ በወርቅማ ፊደል፣ «ጥንታዊ የጸሎት መጎናጸፊያ፤ የበዓል ወይን ነጠብጣብ ያለበት፤ ከአንድ ወዳጅ የተበረከተ» ይላል። በስድስተኛው ትምህርት አራተኛው ጥግ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሆኗል፤ በራሪ ጽሑፍም ወጥቶለታል። የተደፈነውን ቀዳዳ ማንም አይቶት አያውቅም፤ ሥራዋ እስከዚህ ድረስ ያማረ ነው። እትዬ መርፌ ከመስኮቷ ሥር አለች። ክር የተንጠለጠለበት ልብስ ሲመጣላት አሁን መቀሱን አታነሣም፤ ባለቤቱን «ይቆረጥ?» ብላ ትጠይቃለች። ደንበኞቹ እርጅና ነው ይላሉ።

ትምህርቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መግቢያው ለሁሉም ክፍት ነው፤ አንባቢዬ፣ ጎራ በል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮሌታዋ ላይ መርፌ የሰካች አሮጊት ታያለህ። መምህሩ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ዙሪያውን ያያል። እሷ እጇን አታነሣም። አንተ ግን ለማጨብጨብ ያመጣኸው እጅ አለህ። እባክህ አንዱን ብቻ ወደ ላይ አድርግና ጠይቀው፤ ያ ወይን፣ መምህር፣ የፈሰሰው ከማን ጽዋ ነው፣ ያን ዕለት ያፈሰሱትስ ከየትኛው ጸሎት የወጡ ሰዎች ናቸው?